ጋሽ ፈንታና ያልቆመችው ፕሪንተር

ጋሽ ፈንታ ደሴ ላይ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ትርንጎ ናት። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ገና መጥረጊያ እንዳነሳሁ ስልኬ ጮኸ። "ሄሎ" አለች። ድምፅዋ ነገረኝ። "ዘውዴ፣ አባየ ቁርሱን በልቶ፣ ራዲዮኑን ክፈችልኝ አለኝ። ከፍቼለት ዞር ስል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ" አለችኝ። እንዲህ ያለ አሟሟት የሚመኝ ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

እዚህ ላሊበላ ለቅሶ ስንቀመጥላቸው ታዲያ አንድ ወሬ አንገበገበኝ። አንዷ ለሌላዋ፣ "ምስኪን! ያች ፕሪንተራቸው ባትቆምባቸው ኖሮ እኮ ካገራቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር" ትላለች። ሌላዋም፣ "ምን ያድርጉ፣ በሽማግሌ ፊት ቃላቸውን ሰጥተው" ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ለቅሶ ቤት መከራከር ነውር ስለሆነ ዋጥ አደረግሁት። ግን አልቆመችም። አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ፤ ዛሬም ስታትም ነው የዋለችው። ጋሽ ፈንታ ለምን እንደሄዱ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ጋሽ ፈንታ የድሮ አስጎብኚ ናቸው። ረጅም፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የጎበጥሁት በእርጅና አይደለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዝቅተኛ በር እያጎነበስሁ ስገባ ስወጣ ነው ይሉ ነበር። እውነት ይሁን ቀልድ እንጃ። ቀኝ እጃቸውን በቀስታ ዘርግተው "በዚህ በኩል" የሚሉት ልማድ ግን መቼም አልለቀቃቸውም። ሱቃችን ጥቂት ሰው ከገባበት የምትጨናነቅ አንዲት ክፍል ናት። እሳቸው ግን መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የመጣውን ሰው ሁሉ "በዚህ በኩል ይለፉ" ብለው ከበሩ እስከ ወንበሩ ይመሩታል። ሰውየውም ግራ ቀኙን ያያል፤ ሌላ በኩል የለማ!

የታተመ ወረቀት የሚሰጡት በሁለት እጃቸው ነው። የሰው ጽሑፍ አያነቡም። ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። "ዘውዴ፣ ተላላኪ የሰው መልእክት አይቀምስም" ይሉኛል፤ ምክንያቱም እኔ አነባለሁ። ምን ላድርግ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጥሁም። ያወቅሁትን ያወቅሁት እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብሁ ነው።

በአስጎብኚነታቸው ዘመን የታወቁት በማስተርጎም ነበር። አንድ ታሪክ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ከከተማው ራቅ ባለ አንድ ገዳም የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፤ እንግዳ የሰለቻቸው። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ በጋሽ ፈንታ በኩል "በሕይወትዎ ደስተኛ ነዎት?" ብላ ትጠይቃቸዋለች። መነኩሴው ተቆጡ። "ይች ሴትዮ ቤት የላትም እንዴ? ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ምን ታደርቀኛለች!" አሉ። ጋሽ ፈንታም ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ "አባ ቤተሰብዎ ደኅና እንደሆኑ ይጠይቃሉ። ምሳ ሳይበሉ እንዳይውሉም አስበዋል" አሏት። ሴትዮዋ እንባ በዓይኗ ሞልቶ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። መነኩሴውም እጅ ስትነሳ ሲያዩ ልባቸው ራራና በመስቀል ባረኳት።

"ዋሹ ማለት ነዋ!" እላቸዋለሁ።

"አልዋሸሁም" ይላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። "ለሰላም የቀረበውን መረጥሁ። ቃል በቃል ያስተረጎምሁ ለታ እንግዳም ቄስም አይተርፈኝም ነበር።"

እንግዳው ከአገር ሲጠፋ የአስጎብኚነቱ ሥራ አበቃ። ያን ጊዜ ቢሮዋን ከምትዘጋ አንዲት ሆቴል አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አንዲት አሮጌ ፕሪንተር ገዙና ሱቁን ከፈቱ፤ ለመተየብም እኔን ቀጠሩ። ፕሪንተሯን "እሜቴ" አሏት። በእርግጥም እሜቴ ነበረች። አትሚ ስትባል ወዲያው አትታዘዝም፤ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትናገረው። ዘመናዊና ባለቀለም ግዙ ያሉን ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የእሜቴ ጥቁር ዱቄት ወረቀቱ ላይ አንዴ ከተጣበቀ ዝናብ አያስለቅቀውም። ባለቀለሞቹ ያተሙትን ወረቀት በሐምሌ ይዞ ገነተ ማርያም ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው፣ ቤቱ ሲደርስ ሰማያዊ ውኃ ነው የሚጨምቀው።

ኮምፒውተሩን ደግሞ ሊኑክስ በሚባለው፣ በነጻ በሚሰጠው ሲስተም ነበር የምናሠራው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የከተማው ሰው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱን። አንድ ጊዜ የአንድ መምህር የዓመት ሥራ በእኛ ኮምፒውተር ተበላ፤ ጋሽ ፈንታ ሰውየውን ይቅርታ ሲለምኑ ዋሉ። ከዚያ በኋላ በዚህ በኩል ያለፈ አንድ ወጣት ሊኑክስን ጫነልን፣ እሜቴንም አስተዋወቀልንና መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ የሚበላ ነገር ሱቃችን ድርሽ ብሎ አያውቅም።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ።

ትርንጎ አንድ ልጃቸው ናት፤ ደሴ ነርስ ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ ጋሽ ፈንታ ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው ወድቀው ጉልበታቸው ሲጎዳ መጣችና፣ "አባየ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ" አለች። እንቢ አሉ። ሽማግሌ ላከችባቸው፤ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ምናሉንና ጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴውን ሐጅ ሰይድን። እነዚህ ሁለቱ በሰፈራችን የማያስታርቁት ጠብ የለም። ሲጨንቃቸው ጊዜ ጋሽ ፈንታ፣ "እሺ። እሜቴ የቆመች ለታ እሄዳለሁ" አሉ። እሜቴ እንደማትቆም ርግጠኛ ነበሩ። ግን በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቃል ከማኅተም ይጠብቃል።

ለእኔ ለብቻዬ ግን፣ "ልጄ 'አርጅተሃል፣ አበቃልህ' እያለችኝ እኮ ነው" አሉኝ።

"እሷ እንደዚያ አላለች ጋሼ።"

"አስተርጓሚ ነኝ፤ ይገባኛል" አሉኝ።

ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ሰሞን ነው ጉዱ የመጣው። ኮምፒውተሩ፣ አዲስ ነገር አለ፣ ልጫን ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ፈንታ እንደ ራበው እንግዳ ቆጠሩት መሰለኝ፣ "ብላ፣ ብላ፣ ጠግበህ ብላ!" እያሉ የጠየቀውን ሁሉ እሺ አሉት። ሌላ አገር ያለ ሰው ትንሽ በትንሽ የሚያደርገውን እኛ በአንድ ማዕድ አጎረስነው። ኮምፒውተሩ ሲጨርስ መልኩ ሁሉ ታድሶ ተነሳ። አትም ስንለው ግን "ፕሪንተር የለም" አለን።

እሜቴ አጠገቡ ተቀምጣለች። ገመዷ ተሰክቷል። አረንጓዴ መብራቷ በርቷል። "የለችም" አለን።

ወሬው ደሴ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ትርንጎ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ፍልሰታን እዚህ ልትጾም መጣች፤ ሽማግሌዎቹም ሱቃችን ውስጥ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ፕሪንተር ቆመች አልቆመችም ተብሎ ሽማግሌ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ የሚያይም ያለ አይመስለኝም።

"ቆማለች" አለች ትርንጎ። "ይኸው ስንት ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ።"

"አልቆመችም!" አሉ ጋሽ ፈንታ። ሄደው አንዷን ቁልፏን ጫኑ። እሜቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና በራሷ ኃይል አንዲት የሙከራ ገጽ አወጣች። ያለኮምፒውተር ይህን ታውቅበታለች። "አያችሁ! ጤነኛ ናት!"

ቄስ ምናሉ ወረቀቱን ገለበጥ አድርገው አዩት። "ፈንታ ልጄ፣ ይህች ሰው ሲያናግራት የማትመልስ፣ ለብቻዋ ግን የምታወራ ናት። እንዲህ ያለውን ሰው ጤነኛ እንለዋለን?"

"ወላሂ፣ አባ፣ እንዲያ ከሆነ እኔም አበድሁ!" አሉ ሐጅ ሰይድ። "ሱቅ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳወራ እውል የለ? መብራት በጠፋ ቁጥርስ ቆመች እንበል? እንዲያ ቢሆን ጋሽ ፈንታ ይሄኔ ደሴ ሃያ ጊዜ ተመላልሰዋል።"

ትርንጎ ሳታስበው ሳቀችና አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ፍርዱን የተናገሩት ቄስ ምናሉ ናቸው፦ ጾሙ እስኪፈታ ጊዜ ይሰጥ። እስከዚያ በኮምፒውተር ታዝዛ ካተመች አልቆመችም፤ ካላተመች ግን ቃል ቃል ነው፣ ጋሽ ፈንታ ዕቃቸውን ያስሩ።

ያን ቀን ሰዎቹ ሲወጡ ጋሽ ፈንታ እጃቸውን ዘርግተው "በዚህ በኩል" ማለት ረሱ። ዓይኔ ያየው እሱን ነው። ተወልደው ያደጉበትን፣ ሚስታቸውን የቀበሩበትን አገር በሽንፈት ሊለቁ ነው፤ ያውም በአንዲት ፕሪንተር ሰበብ።

በሞባይሌ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርሁ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት አነባለሁ፣ ያልገባኝን ደግሜ አነባለሁ። ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠልኝ። ድሮ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ፕሪንተር ጠባይ የሚያስረዳ ድራይቨር የሚባል ነገር ይይዝ ነበር። አዲሱ አሠራር ግን ያንን ትቷል። ፕሪንተሯ ራሷ "እኔ እንዲህ ነኝ፣ ይህን እችላለሁ፣ ያንን አልችልም" ብላ እንድትናገር ይጠብቃል፤ ሁሉም በአንድ ቋንቋ። የአሁን ዘመኖቹ ይህን ቋንቋ ይዘው ይወለዳሉ። እሜቴ ስትሠራ ግን ቋንቋው ገና አልነበረም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይጣራል፣ እሷ ዝም፤ እሱም ሰው የለም ብሎ ይሄዳል። እንደሷ ላሉት ታዲያ መላ ተበጅቶ ነበር። እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም አለች። ለኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ፕሪንተር ሆና ትቀርባለች፤ የተቀበለችውን ደግሞ ለአሮጌዋ በአሮጌው ቋንቋ ታደርሳለች።

ይህን ስነግራቸው ጋሽ ፈንታ ከወንበራቸው ተነሱ።

"አስተርጓሚ ናታ!"

"እንደሱ ነው ጋሼ።"

"እንዲህ በይኝ እንጂ! አሮጌ መነኩሴን ፈረንጅኛ አያውቁም ብለሽ ከገዳም ታስወጫቸዋለሽ? አስተርጓሚ ነው የሚፈለግላቸው!"

ኢንተርኔቱ ሲሄድ ሲመጣ ፕሮግራሟ ወርዳ ተጫነች። ለየትኛዋ ፕሪንተር ነው የማስተረጉመው ብላ ረጅም ዝርዝር አመጣች። እሜቴ ደረት ላይ የተጻፈው ስም በልኩ አልተገኘም። ተመሳሳይ ግን ሞልቷል።

"የቀረበውን ምረጪ" አሉኝ።

መረጥሁ። እሜቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና መትፋት ጀመረች። በእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ አንድ መስመር የማይነበብ ነገር፣ የቀረው ባዶ፤ አንዱ ሳይወድቅ ሌላው ይወጣል። ገመዱን ነቅዬ አስቆምኋት። "እሺ ቀጥሎ ያለውን" አሉ። እሱም እንዲያው ሆነ። ሌላውን ሞከርን፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አድርጎ አወጣው። ትርንጎ በር ላይ ቆማ ታየናለች። ጾሙ ወደ መፍቻው ተቃርቧል።

ጋሽ ፈንታ ከተበላሹት አንዱን አንስተው ብዙ አዩት።

"ዘውዴ፣ ይህ እኔ ነኝ" አሉ።

"ምኑ ነው እርስዎ?"

"አስተርጓሚው። ያልተባለውን ይናገራል። የቀረበ እየመረጥን እኮ ነው እንዲህ የሆነው።" ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ለሰው የቀረበው ይበቃል እል ነበር። እሷ ግን አልበቃትም። እስኪ ትክክለኛ ስሟን እንወቅ።"

ሁለት ሆነን እሜቴን ገለበጥናት። ከጀርባዋ የሆቴሉ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ያለ ይመስላል። በለብ ያለ ውኃ ጨርቅ እያራሰን ቀስ ብለን ላጥነው። ፋብሪካው የሰጣት ሙሉ ስሟ እዚያ ነበር፤ ደረቷ ላይ ካለው በመጨረሻዎቹ ፊደላት ይለያል። ያን ሁሉ ዘመን በቤተሰቧ ስም ስንጠራት ኖረናል ለካ! ዝርዝሩ ውስጥ ስፈልገው አገኘሁት።

የጾሙ ፍቺ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ምን ልጻፍ ብላቸው ጋሽ ፈንታ፣ "እንደምን ዋላችሁ በያቸው" አሉኝ። በትልልቅ ፊደል ጻፍሁና አትም አልሁ። እሜቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አሰበች። እኔ እናቴ ካስተማረችኝ ጸሎት የማስታውሰውን ሁሉ በልቤ ደገምሁ። ወረቀቱ ወጣ። "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፣ ጥርት ብሎ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ቄስ ምናሉ፣ ለወረቀቱ ይሁን ለሰዎቹ አልለየሁም።

"አልቆመችም! ወላሂ አልቆመች!" አሉ ሐጅ ሰይድ። ጋሽ ፈንታን ትከሻቸውን መቱ።

ትርንጎም፣ "እሰይ አባየ፣ እንኳን ደስ አለህ" አለች። ፈገግታዋ ከልቧ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ልታስተካክል ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጋሽ ፈንታም አዩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ጤናህን ብቻ ጠብቅ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።" ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ትርንጎ፣ እኔ የሰው ቃል የማሳመር ልማድ አለብኝ፣ የማበላሸትም። አሁን የምትይኝን እንዳለ ነው የምሰማው። ተናገሪ።"

እኛ ሁላችን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን፤ የምንወጣበት እንኳ የለንም። ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር ጀመረች።

"ብቻህን ነህ፣ ብቻህን ነህ እልሃለሁ። ብቻዬን የሆንሁት እኔ ነኝ አባየ። ሰው ሳክም ውዬ ስገባ ቤቱ ጨለማ ነው። ሌላው ሰው በሩን ሲገፋ ከውስጥ 'ማን ነው?' ይሉታል። እኔን የሚለኝ የለም። ይህን ብልህ ታዝንብኛለህ ብዬ ነው በጉልበትህ ያሳበብሁት።"

ጋሽ ፈንታ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን አሹ፣ ወደ ደጅ አዩ። ካፊያው አባርቶ ሰዎች ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዱ ነበር። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሰው እየመሩ እንደወረዱበት አሰብሁ።

"ሽማግሎች" አሉ በመጨረሻ፣ "ፍርዳችሁ እንዴት ነው?"

"ምን ፍርድ አለው!" አሉ ቄስ ምናሉ። "አልቆመችም። ቃልህ አይይዝህም፤ ነጻ ነህ።"

"ርግጥ ነው?"

"ርግጥ ነው።"

"እንግዲያው እሄዳለሁ።"

ሐጅ ሰይድ ከካርቶኑ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። "አቦ! ታዲያ እኛን ምን አለፋን? ይች ልጅስ" ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "ዓይኗ እስኪጠፋ ያን ሁሉ ስታነብ?"

"ቆማ ቢሆን ተጎትቼ ነበር የምሄድ፣ ሐጅ። አሁን ልጄ ጠራችኝ።" ከኪሳቸው የሱቁን ቁልፍ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልሁ። 

ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

"ከሥራሽ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ" አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

"እንግዲያው በአሥራ ሁለት መብራቱን አበራለሁ። በሩን ስትገፊው፣ ከውስጥ ሆኜ 'ማን ነው?' እላለሁ።"

"እኔ መሆኔን እያወቅህ?"

"እያወቅሁ።"